ቀን የሌለው ታሪክ፦ በአዳማ የአንድ ዕለታዊ የሬዲዮ ፕሮግራም የጉዳይ ጥናት

ሰኞ የካቲት 30 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ዜና በፊት፣ የአምስት ደቂቃ የታሪክ ፕሮግራማችን በአዳማ በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ተላለፈ። ተራኪያችን በዚያ ለስለስ ባለ ድምጿ፣ "ከ126 ዓመት በፊት በዛሬዋ ዕለት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ መሃል አገር የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ" አለች። ጽሑፉን ያረምኩት እኔ ነኝ። አዳማ ባቡር ያሳደጋት ከተማ ናትና ይህን ቀን ከወር በፊት ጀምሬ እጠብቀው ነበር። የዜናው መለያ ሙዚቃ ሳያልቅ የስቱዲዮው ስልክ ጮኸ። ደዋዩ ሰላምታ አላበዙም።

"ልጄ፣ በእናንተ ቤት ዓድዋ የሚከበረው የካቲት 22 ቀን ነው?"

ቴክኒሺያኑ ሰውየው ሌላ ጣቢያ ፈልገው የተሳሳቱ መስሎት ስልኩን ሊዘጋ ነበር። ደግነቱ ቁጥራቸውን ጽፎ አስቀረልኝ። መልሼ ስደውል ከባቡር ድርጅቱ ሒሳብ ክፍል በጡረታ የወጡ አዛውንት መሆናቸውን ነገሩኝ፤ ከዚያም ሃያ ደቂቃ ያህል አስተማሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የምንሠራበት የቀን ዝርዝር ከፈረንጅ መጻሕፍት የተለቀመ ነበር። ዝርዝሩ ፈቃዱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1894 ነው ይላል። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው የዘመን መቁጠሪያ ማርች 9ን ከየካቲት 30 ጎን ያስቀምጠዋል፤ እኔም ያለ ጥርጣሬ አስቀመጥኩት። ነገር ግን በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪን 29 ቀን የሚያደርጉት ፈረንጆች በ1900 ዓመታቸው ይህችን ቀን ዘለሏት። እኛ ግን ስድስተኛዋን ጳጉሜ አልዘለልንም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ቀን ተራራቁ። የዓድዋ ጦርነት የተደረገበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዜው ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ማርች 1ን ይዞ ወደ ዛሬው ግድግዳ የሚሄድ ሰው የካቲት 22 ላይ ይወድቃል። "እሑድ ነበር፣ ጊዮርጊስ ነበር" አሉኝ አዛውንቱ፤ "ጊዮርጊስ ደግሞ 23 ነው። ሒሳብ ቢያታልልህ ታቦቱ አያታልልህም።" በዚሁ ስሌት የባቡሩ ፈቃድ የተሰጠው መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነው። ማለትም ነገ።

ይህ "ነገ" አዳነን። በማግሥቱ ጠዋት ተራኪዋ፣ "ትናንት አንድ ቀን ቀድመን ነበር" ብላ ጀመረችና የአዛውንቱን ትምህርት በሁለት ደቂቃ ተናገረች። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ፕሮግራሙ በሳምንት ሁለት ሦስት ስልክ ቢመጣ ነው። ያን ዕለት ስልኩ እስከ ቀትር አላረፈም። ሰው ታሪካችንን ሳይሆን ስሕተታችንን ወደደው፤ ይህ መጀመሪያ ቅር አሰኝቶኝ ነበር።

ፕሮግራሙ ዛሬ የለም። በቅርቡ አንድ ወጣት በሌላ ከተማ ተመሳሳይ ነገር ለመጀመር አስቦ ልምዳችንን ጠየቀኝና ይህን የጻፍኩት በመጀመሪያ ለእሱ ነበር። የሰዎቹን ስም አላነሣም፤ ጣቢያውንም እንዲሁ።

ሰዎቹ

የሐሳቡ ባለቤት ለረጅም ዓመታት በከተማው ታሪክ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁላችንም "ጋሼ" እንላቸው ነበር፤ የጣቢያው ጥበቃ ሳይቀር። ተራኪዋ ቀን ቀን መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞን እኩል የምትናገር ወጣት ናት። እኔ ጽሑፍ አርታኢ ነበርኩ። ቴክኒሺያኑ የጣቢያው ተቀጣሪ እንጂ የእኛ ሰው አልነበረም፤ ያለ እሱ ግን ከአንድ ወር አናልፍም ነበር።

ይህን ዓይነቱን ሥራ የማያውቅ አንባቢ፣ ጣቢያው ይከፍለን ነበር ብሎ ሊያስብ ይችላል። ተቃራኒው ነው። በአገራችን የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ብዙ ፕሮግራሞችን የሚያቀርቡት ተባባሪ አዘጋጅ የሚባሉ የውጭ ሰዎች ናቸው። ተባባሪ አዘጋጅ የአየር ሰዓት ከጣቢያው ይገዛል፣ ለሰዓቱ የሚከፈለውን ገንዘብ ከስፖንሰር ያመጣል፣ የተረፈ ካለ ኪሱ ይገባል። ለስፖርትና ለሙዚቃ ስፖንሰር ይገኛል። ለታሪክ የሚገኘው፣ ባለቤቱ በልጅነቱ የጋሼ ተማሪ የነበረ እንደሆነ ነው። የመጀመሪያውን ስፖንሰር ያገኘነው እንደዚያ ነው፤ የታሸገ ውኃ የሚያከፋፍል ድርጅት ነበር። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሠራራችን ቀላል ነበር። ጋሼ በወር አንድ ጊዜ በሚኒባስ አዲስ አበባ ይወጣሉ፤ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ገብተው የድሮ አዲስ ዘመንና ነጋሪት ጋዜጣ ያገላብጣሉ፤ በእጃቸው ገልብጠው ይመለሳሉ። እኔ ከዚያ ውስጥ አምስት ደቂቃ የሚሞላ ጽሑፍ አወጣለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱ ሰባት ቅንብር በአንድ ቁጭታ ይቀረጻል። ለስቱዲዮ ኪራይ ርካሽ ነው፤ ለታሪክ ግን አደገኛ ነው። ማክሰኞ የታወቀ ስሕተት እስከ ቅዳሜ የሚታረምበት ቦታ የለውም። የመጋቢት 1ዱን እርማት ቴክኒሺያኑ ያስገባልን ከራሱ የሙዚቃ ሰዓት ቆርሶ ነው። አለቃው ቢያውቁ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ እስካሁን ካላወቁ ደግሞ ከዚህ ይወቁት።

365 ቀን ከየት ይመጣል?

የጀመርነው መስከረም 2012 ላይ ነው። ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ያለፈው ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜ ስድስት ሆና ነበር የወጣችው። የዚህን ትርጉም ያኔ አላሰብንበትም። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይገባል፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻም ቀኑ ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል። የፈረንጅ ዝርዝር ይዞ በዚያ ዓመት የሚጀምር ሰው ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ቀድሞ ይናገራል። እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ከሁሉ የከነከነኝ የአዋሹ የባቡር አደጋ ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ ከተማ አቅራቢያ ባቡር ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል ወድቆ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ እጅግ ከከፉት አደጋዎች አንዱ ነው። የእኛ ዝርዝር ቀኑን ጃንዋሪ 14 ቀን 1985 ይለዋል፤ ይህ ጥር 6 ነው። በ2012 ግን ጃንዋሪ 14 የዋለው ጥር 5 ላይ ስለነበር ጥር 5 አስተላለፍነው። በኋላ ሌሎች መዛግብት ስናይ ደግሞ አደጋውን ጃንዋሪ 13 የሚሉ አገኘን። ጃንዋሪ 13 ቀን 1985 በትክክል ሲሰላ ጥር 5 ነው። እንግዲህ ሁለት ስሕተት ተደምሮ ልክ ሊሆን ይችላል ማለት ነው! አዛውንቱ የባቡር ሰው ይህን ስነግራቸው አልሳቁም። "በዚያ ባቡር ሰው የሞተበት ቤት እየሰማችሁ ነው፤ ካላወቃችሁ ዛሬ አትበሉ" አሉኝ። በዓመቱ፣ በ2013፣ "በዚህ ሳምንት" ብለን አስተላለፍነው።

ከቀን መለወጡ የባሰው ችግር የቀን ማነሱ ነበር። ዓመት 365 ቀን አለው፤ የአዳማና የአካባቢዋ የተጻፈ ታሪክ ግን ይህን ያህል ቀን የለውም። ጋሼ በደብተራቸው ላይ ወርና ዕለቱ የታወቀውን ሁሉ ሲሰበስቡ መቶ እንኳ አልሞላም። የባቡሩ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረበት 1897፣ ድሬዳዋ የደረሰበት 1902፣ አዲስ አበባ የገባበት 1917፤ እነዚህ በፈረንጅ ዓመት ናቸው። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በአዋሽ በኩል የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ የገባበት። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረበት 1946 ዓ.ም.። በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ የተጠናቀቀበት እ.ኤ.አ. 1960። ከዚያ የቅርቦቹ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ በ2014 የተከፈተው የፍጥነት መንገድ፣ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር።

ዝርዝሩን ደጋግሜ ሳየው አንድ ነገር ታየኝ። ሁሉም ፊርማ ወይም ሪባን አላቸው። ቀን የሚኖረው፣ አንድ ባለሥልጣን ቆሞ መቀስ የያዘበት ነገር ነው። መንገዱን የቆፈረው ሰው ቀን የለውም፤ የመረቀው አለው። ባዶውን ቀን ለመሙላት እኔ ሩቅ መሄድ ጀመርኩ፤ የፈረንሳይ ጦርነት፣ የአሜሪካ ጨረቃ ጉዞ። አንድ ሳምንት ከሰባቱ ቅንብር ውስጥ አዳማ የምትባል ከተማ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትነሣ አለፈች። ጋሼ ምንም አላሉኝም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ስቱዲዮ አልመጡም።

ናዝሬት

ስለ ስሙ አጭር ላድርገው፤ ክርክሩ ረጅም ነውና። አዳማ በአፋን ኦሮሞ የቁልቋል ዘመድ ከሆነው ተክል የመጣ ስም ነው ይባላል። ናዝሬት የሚለው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሰጠ ነው። በ1992 ዓ.ም. አዳማ የሚለው በይፋ ተመለሰ። እንግዲህ የ1950ዎቹን አንድ ዜና ስናነብ ከተማዋን ምን እንበላት? አዳማ ስንል "ሰነድ ታበላሻላችሁ" የሚል ይደውላል፤ ናዝሬት ስንል "ያለፈው አልፏል፣ ምን ታነሣላችሁ" የሚል። የጋሼ ደንብ አንድ ነበር፤ ከሰነድ ቃል በቃል ስናነብ ሰነዱ የሚለውን፣ እኛ ስንናገር አዳማ። ይህን ደንብ በየወሩ አንድ ጊዜ በአየር ላይ እንናገረው ነበር። የሁለቱንም ወገን ስልክ አላስቀረም፤ ደዋዮቹ ግን ቢያንስ ምክንያታችንን ያውቁ ነበር። አዲስ አበባ መናኸሪያ የሚጮኹት ረዳቶች እስከ ዛሬ "ናዝሬት! ናዝሬት!" ይላሉ፤ ጋሼም ተሳፍረው ይመጣሉ።

ስልኩ

አዛውንቱን የባቡር ሰው ቅዳሜ መጋቢት 5 ቀን ቤታቸው ድረስ ሄደን ልንቀርጻቸው ቀጠሮ ይዘን ነበር። ዓርብ መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ቅዳሜ ጠዋት ራሳቸው ደውለው፣ "አትምጡ፣ እኔም በር አልከፍት" አሉ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ጋሼ ወመዘክር መሄድ አቆሙ። አዲስ ሰነድ የሚመጣበት በር ተዘጋ፤ እኛ ግን በየቀኑ አምስት ደቂቃ አለብን፤ ለሰዓቱም ተከፍሏል።

የቀረን ስልክ ብቻ ነበር። ተራኪዋ በፕሮግራሙ መጨረሻ አንድ ጥያቄ መጣል ጀመረች። አንድ ቀን፣ "በድሮው የባቡር ጣቢያ ሻይ ይሸጥ የነበረው ማን ነው?" ብላ ጠየቀች። ሌላ ቀን፣ "ሆስፒታሉ ከመሠራቱ በፊት ሕንጻው የጥጥ መዳመጫ እንደነበር የሚያስታውስ አለ?" አለች። ከጣሊያን መውጣት በኋላ የሜኖናይት ሚሲዮናውያን ሆስፒታሉን የጀመሩት በተተወ የጥጥ መዳመጫ ሕንጻ ውስጥ ነው፤ ይህ ከመጽሐፍ ይገኛል። ከመጽሐፍ የማይገኘውን ደዋዮች አመጡት፤ ወረፋው የት ይጀምር እንደነበር፣ ከየት አገር ሰው በቃሬዛ ይመጣ እንደነበር፣ በራፉ ላይ ጠላ ማን ይሸጥ እንደነበር። ሁለት ሰዎች ያልተስማሙበትን አናስተላልፍም ነበር፤ ወይም ሁለቱንም እናስተላልፋለን። ደዋዮቹ እርስ በርሳቸው በእኛ በኩል መነጋገር ጀመሩ። አንዱ ሰኞ የተናገረውን ሌላዋ ረቡዕ ታርማለች።

ከእነዚህ ሰዎች ማንም ቀን አይሰጥም። "ስኳር ፋብሪካው ሲከፈት ልጅ ነበርኩ" ይላሉ፤ "በደርግ መግቢያ"፣ "በድርቁ ጊዜ"፣ "የማርያም ዕለት፣ የትኛው ወር እንደሆነ እንጃ።" ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ የኦሮሞ ሽማግሌ ዘመኑን የሚቆጥሩት በገዳ ነበር። ሥልጣኑ በየ8 ዓመቱ ስለሚተላለፍ፣ አንድን ነገር ሲጠየቁ በየትኛው አባ ገዳ ጊዜ እንደሆነ ይመልሳሉ። ተራኪዋ ስትተረጉምልኝ፣ "በፈረንጅ ስንት ይሆናል?" ብዬ ጠየቅኩ። ሽማግሌው ሲነገራቸው፣ "ለእሱ ስምንት ዓመት ሰጥቼው አንድ ቀን ይፈልጋል" ብለው ሳቁ። አፈርኩም፣ ሳቅኩም።

ወንጂ

ግንቦት ላይ አንዲት እናት ደወሉ። ባለቤታቸው በወንጂ እርሻ አገዳ ቆራጭ ነበሩ፤ ቤተሰቡ ከካምፕ ካምፕ ሲዘዋወር ኖሯል።

ወንጂ ከአዳማ በስተደቡብ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ፋብሪካውን ያቋቋመው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው፤ በኢንዶኔዥያ ለረጅም ዘመን አገዳ ሲያለማ የኖረ። ወንጂ በ1946 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው ወንጂ ሸዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ ጀመሩ። በ1967 ዓ.ም. ተወረሱ። በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ከየአገሩ መጥቶ እዚያ ሰፈረ፤ ኩባንያው ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ አጠጣው። በስምጥ ሸለቆ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ጉድጓድ ውኃ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ የአካባቢው ጉድጓዶች ከዚህ በእጅጉ የሚበልጥ ነበራቸው። ትንሽ ሆኖ ጥርስ የሚያጠነክረው ፍሎራይድ ሲበዛ የልጅን ጥርስ ያቡናማል። ዓመታት ሲከማች አጥንት ውስጥ ይገባል፤ አከርካሪ ይደርቃል፣ አንገት አይዞርም፣ ጉልበት አይታጠፍም። ውኃውን ማፍላት አይጠቅምም፤ ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀራልና ያባብሰዋል። ሐኪሞች የወንጂን ሠራተኞች ለዓመታት አጥንተዋቸዋል። ውኃውን ለማጣራትም ተሞክሯል።

እናቲቱ ይህን ሁሉ በሌላ ቋንቋ ነገሩኝ። "ሲጠሩት አንገቱን አያዞርም ነበር። እንደ በር በሙሉ ሰውነቱ ነው የሚዞር። የማያውቀው ሰው ኩራተኛ ይለዋል።"

"መቼ ጀመራቸው?" አልኩ። የአርታኢ ጥያቄ ነው።

"መቼ ጀመረው የሚባል ነገር የለውም። አንድ ጠዋት ጫማውን ማሰር አቃተው። ያ ግን የጀመረበት ቀን አይደለም፤ እኛ ያየንበት ቀን ነው።"

ንግግራቸውን ገልብጬ ለጋሼ በስልክ አነበብኩላቸውና ከፋብሪካው ምረቃ ዕለት ጋር እናድርገው አልኩ። እስከ ሚቀጥለው መጋቢት ድረስ ማቆየት ሊኖርብን ነው፣ ግን ቢያንስ ቀን ይኖረዋል። ጋሼ ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል። "የፋብሪካውን ልደት እያከበርክ መሃል ላይ የሰውየውን አንገት ልትነግር ነው?" አሉ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ "ዓርብን ባዶ አድርገው" አሉኝ።

ዓርብ ባዶ ሆነ። ከሰኔ ጀምሮ ዓርብ ዓርብ "ዛሬ" የሚል ቃል የሌለበት ቅንብር ማስተላለፍ ጀመርን። በሰኔ መጨረሻ ደግሞ በአገሪቱ በተፈጠረው ሁኔታ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠና የፈረንጁ ዝርዝር ከነጭራሹ ከእጃችን ወጣ። በእነዚያ ሳምንታት ሁሉም ቀን ዓርብ ነበር ማለት እችላለሁ። በግሌ የምኮራባቸው ቅንብሮችም እነዚያ ናቸው።

ስፖንሰሩ

የወንጂው ቅንብር በሐምሌ እንዲተላለፍ ተዘጋጀ። እንደ ልማዳችን የሳምንቱን ርእሶች ለስፖንሰሩ ላክን። በማግሥቱ የድርጅቱ የሽያጭ ኃላፊ ደወለ፤ ደስ ብሎታል። ከቅንብሩ መጨረሻ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ እንድንጨምር ጠየቀ፤ አድማጭ ለጤናው ሲል የእነሱን ውኃ እንዲጠጣ የሚል። ለዚያ ሳምንት ክፍያውን እጥፍ እንደሚያደርግም ነገረኝ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ እንቀበል ባይ ነበርኩ። የጣቢያው ዕዳ አለብን። ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም። ጋሼ አዳመጡኝና፣ "ሐሰት አይደለም" አሉ፤ "ግን ሴትዮዋ ባላቸውን የነገሩን ለእኛ ነው፤ ለጠርሙሱ አልነገሩም። ከፈለገ እሳቸውን ይጠይቅ።" ኃላፊው እሳቸውን አልጠየቀም። ከነሐሴ ጀምሮ ስፖንሰርነቱ እንደማይቀጥል የሚገልጽ ሁለት መስመር ደብዳቤ መጣ። የድርጅቱ ባለቤት፣ የጋሼ የድሮ ተማሪ፣ ይህን ማወቁን እስካሁን እጠራጠራለሁ። ጋሼ ደውለው እንዲነግሩት ብለምናቸው፣ "ተማሪዬን አላስጨንቅም" አሉኝ። በዚህ ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ ያን ስልክ ደውለው ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ምናልባት ይኖር ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ከክፍያው ግማሹን ሸፈነ። ሌላውን ሦስታችን እየተዋጣን፣ በ2013 አጋማሽ የአየር ሰዓት ዋጋ እስኪጨምር ድረስ ቆየን። ሲጨምር አቆምን። የመጨረሻው ቅንብር ልዩ አልነበረም፤ ስለ አንድ ድሮ የፈረሰ ወፍጮ ቤት ነበር። ስንት ደዋይ እንደቀረ አላውቅም፤ ስልኩ የጣቢያው ነውና።

ለወጣቱ ጠያቂዬ የምመክረው ጥቂት ነው። ሰባት ቀን አንድ ላይ አትቅረጽ። የባሕረ ሐሳብ አዋቂ ወዳጅ ይኑርህ። ስፖንሰርህ የሚሸጠውን አስቀድመህ እወቅ። የአድማጭን ስልክ ቁጥር ለጣቢያ ሳይሆን ለራስህ መዝግብ፤ የእኛ ደዋዮች ፕሮግራሙ ሲቆም አብረው ጠፉ፤ አዛውንቱን የባቡር ሰው ጨምሮ ከአሥር የማይበልጡት ብቻ ቁጥራቸው በእኔ ስልክ አለ።

የወንጂዋ እናት አንዷ ናቸው። ቅንብራቸው ከመተላለፉ ሁለት ቀን በፊት እንዲያዳምጡ ልነግራቸው ደውዬ ነበር። ሬዲዮናቸው ድንጋይ ጨርሷልና የልጃቸውን ስልክ እንደሚጠቀሙ ነገሩኝ።

"መቼ ነው የምታወሩት?" አሉ።

"ዓርብ ጠዋት፣ ከዜናው በፊት።"

"ዓርብ ስንት ቀን ይውላል?"

"ሐምሌ 24።"

"ተክለ ሃይማኖት ነዋ" አሉ። ጥቂት ዝም አሉና፣ "እንግዲህ የሱ ቀን ያ ይሁን።"